ቅቤ የጠጣ ቼይን

ኤክስካቫተር የሚሄድበትን የብረት ቼይን የለመደ መካኒክ የጎማ ቼይን ሲሰጡት ይንቃል። እኔም ንቄ ነበር። ብረቱ ድንጋይ ሲረግጥ የሚፈጨው ድንጋዩ ነው። ጎማው ግን ቅምጥል ነው፤ ሲላላ ይወልቃል፣ ሲጠብቅ ይበጠሳል፣ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፣ ጭቃ ሲጎርስ ይታነቃል። ጠዋት ጠዋት ማገላበጥ ነው። ትንሿን ኤክስካቫተር በገዛ ክንዷ መሬቱን አስደግፈን አንድ ጎኗን ከፍ እናደርጋታለን። ቼይኑ አየር ላይ ሲንጠለጠል ከመካከለኛው ሮለር ሥር ጣቶቼን አስገብቼ እለካለሁ። ሁለት ጣት ከገባ ደህና ነው። እጄ በሙሉ ከገባ ግን ላልቷል ማለት ነውና በፓምፕ ግራሶ፣ ወፍራሙን የማሽን ቅባት፣ እሰጠዋለሁ፤ ግራሶው የፊተኛውን መሽከርከሪያ ወደፊት ገፍቶ ቼይኑን ይወጥረዋል። ይህን ያልሠራ መካኒክ ቀኑን ሙሉ ልቡ ተንጠልጥላ ነው የምትውለው።

ሙያውን የተማርኩት ፍኖተ ሰላም፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። ወንዶቹ ባል እስካገኝ መቆያ የያዝኩ ይመስላቸው ነበር። እኔም አልተኛሁላቸውም፤ አንድ ሲሉኝ ሁለት እየመለስኩ፣ ቡሎን እየፈታሁ እያሰርኩ፣ እነሱ ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። አፌ ከእጄ አያንስም። እናቴ በዚህ አፍሽ አንድ ቀን ድንጋይ ይወረወርብሻል ትለኝ ነበር።

የማወራው በኢሕአዴግ ጊዜ፣ የተፋሰስ ዘመቻ አገሩን ሁሉ በበጋ አካፋ ባስያዘበት ዘመን የሆነውን ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ ቀበሌ ውስጥ ቦረቦር ነበር። ድሮ ፍየል የሚዘለው ስንጥቅ ነበር አሉ። ጎርፍ በየክረምቱ እየናደው ሄዶ ሄዶ፣ እኔ ያየሁት ጊዜ በሬ ቢገባበት ቀንዱ አይታይም። አፉ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጓሮ ደርሷል። ባለፈው ክረምት በረታቸውን ወስዶታል። የሚቀጥለው ቤታቸው እንደሆነ ሕፃን ያውቃል።

ወረዳው ይህን አይቶ ከእኛ አለቃ ትንሿን ማሽን ተከራየ። ሥራው ከቤቱ በላይ፣ የተራራው ወገብ ላይ፣ አግድም ቦይ መቆፈር ነው። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ቦይው ይቀበልና ወደ ጎን ወስዶ ድንጋያማው ወንዝ ውስጥ ይጥለዋል፤ ቦረቦሩም ቤቱም ያርፋሉ። ትልቅ ማሽን በዚያ ቀጭን መንገድ አይወጣም፤ ትንሿ ታልፋለች፣ የሰው ማሳም አታቦካም። አለቃችን ሽማግሌውን ራሳቸውን የማሽኗ ዘበኛ አድርጎ ቀጠራቸው። ማታ ማታ እኔና ኦፕሬተሩ መንገድ ዳር ወዳለችው ከተማ በሞተር ስንመለስ፣ እሳቸው አጠገቧ ባቆሙት ጎጆ ያድራሉ።

ኦፕሬተሩ የቡሬ ልጅ ነው፤ ንብ የታተመበት የምርጫ ቲሸርት ከላዩ አይወርድም። እጁ ወርቅ፣ ጨዋታው ግን ማለቂያ የለውም። የመጀመሪያው ቀን ሽማግሌዎቹ እኔን አይተው፣ ሚስቱ ምግብ የምታበስልለት የት እንደሆነ ጠየቁት። እሱ ሲንከተከት እኔ ግራሶ በግራሶ ሆኜ ከማሽኗ ሥር ወጣሁና ወጡን እዚህ ሥር ጥጄዋለሁ አልኳቸው። ሳቁ። ዘበኛው ሽማግሌ ብቻ አልሳቁም። እሳቸው ዓይናቸው ማሽኗ ላይ ነበር።

ሥራውን ከወንዙ በኩል መጀመር ነበረብን። ግን ማሽኗ ወደዚያ የምታልፍበት መንገድ ስላልነበረ ከላይ ጀምረን ወደ ወንዙ መግፋት ግድ ሆነ። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። ያለቀ ቦይ ቤት ያድናል። ያላለቀ ቦይ ግን ከምንም የከፋ ነው፤ ድሮ ተበታትኖ ይወርድ የነበረውን የተራራውን ጎርፍ ሁሉ ሰብስቦ፣ የቆመበት ቦታ ላይ በአንድ አፍ ይተፋዋል። የእኛ ቦይ ደግሞ የቆመበት ቦታ ሁሉ ከሽማግሌው ቤት አናት ላይ ነው። ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ወንዙ መድረስ አለብን፤ ካልደረስን ቤቱን ያፈረስነው እኛው ነን።

ሥራ በጀመርን ሰሞን ሌላ ነገር መጣ። የደብሩ ታቦት ቂርቆስ ነው። አያቶቻቸው በረዶ አዝመራቸውን ጠርጎ በወሰደባቸው ጊዜ ተስለው ነበር፤ በወር በወሩ በቂርቆስ ዕለት የዚያ ደብር ሰው አፈር አይቆፍርም። አንዱ ከሻረ በረዶው የሚወርደው በሁሉም ላይ ነው። የሻረውን የደብሩ ማኅበር ያገልለዋል፣ ጎረቤት እሳት አያጫጭረውም። ታዲያ ቀኑ ደረሰና ማሽኗ ትሥራ አትሥራ ተባለ። የማኅበሩ አለቃ ሽማግሌዎቹን ይዞ ዋርካ ሥር ተቀመጠ። ሲመክሩ አረፈዱና፣ ማሽኗ ከውጭ የመጣች ናት፣ እነዚህም የሰው አገር ልጆች ናቸው፣ ስእለቱ አያገኛቸውም ብለው ፈረዱ። እኛ ቆፈርን። እነሱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከዳር አዩን።

ግንቦት ገባና ፀሐዩ አናት ይበሳ ጀመር። አንድ ቀን ቼይኑን ሳገላብጥ ጎማው ላይ የፀጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች አየሁ። ለኦፕሬተሩ፣ ጎማው ደርቋል፣ እንዲህ ከደረቀ አይከርምም አልኩት። ሽማግሌው አጠገባችን ቆመው ነበር። ደረቀ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ደረቀ አያ፣ አልኳቸው። ጎማውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

ከዚያ በኋላ ጎማው ጠዋት ጠዋት ያብረቀርቅ ጀመር። እጄን ሳሳርፍበት ያሟልጫል። ዘይት ለጎማ መርዝ ነው፤ ያለሰልሰዋል፣ ያሳብጠዋል፣ አፈር ያስይዘዋል። ኦፕሬተሩ የሃይድሮሊክ ዘይት እያፈሰሰ ደብቆኝ ነው ብዬ ያዝኩት። በእናቱ ማለ። በእናትህ አትማል፣ በዘይት መያዣው ማል አልኩት። በዚህ ተኮራርፈን ሰነበትን። እኔ በየጠዋቱ በሳሙና አጥባለሁ፤ በማግስቱ ያው ነው። ጠረኑ እንዴት አልነገረኝም? ዕድሜውን ናፍጣ ሲምግ የኖረ አፍንጫ ምን ያውቃል።

ወሩ ዞሮ የቂርቆስ ዋዜማ የመጀመሪያው ዝናብ ሌሊት ጣለ። ከባድ አልነበረም። ቢሆንም ጠዋት በሞተር ስንወጣ መንገዱ ያንሸራትት ነበር፤ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ስለ ቦይው ብቻ አስባለሁ። ወንዙ ጋ ለመድረስ የቀረን የአንድ ቀን ሥራ ነው። ስንደርስ የመንደሩ ውሾች ሁሉ ይጮኻሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አለ ኦፕሬተሩ፣ እንዲያው ለጨዋታ። ከሞተሩ ወርጄ ማሽኗን አየሁ።

በቁልቁለቱ፣ በቁጥቋጦው በኩል ያለው ቼይን ውጪኛው ጠርዙ ተበልቷል። እንደ ሸንኮራ አገዳ ተመጥምጧል። የጎማው ጥርሶች ተገሽልጠው ውስጥ ያሉት የብረት ክሮች ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ተበጥሰው ቆመዋል። መሬቱ ላይ የጅብ ዱካ ሞልቷል። ጅብ ብረት አይበላ፣ ጎማስ ምን ይሁን ብሎ ይበላል? ተንበርክኬ ጎማውን አሸተትኩት። የበሰለ የጎጃም ቅቤ።

ሽማግሌው ከቤታቸው በኩል ሽቅብ ሲመጡ አየኋቸው፤ ጋቢያቸው በስብሶ ሰውነታቸው ላይ ተጣብቋል። ዱካውን አዩ፣ ጎማውን አዩ፣ ቆሙ።

«ቅቤ ማን ቀባው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ደርቋል ስትይ ሰማሁ። ሞፈርና ቀንበር የሚያስረው ጠፍርም ሲደርቅ ቅቤ ካላጠጡት በእርሻ መሀል ይበጠሳል። ከሚስቴ ቅል ወስጄ ማታ ማታ አጠጣኋት።»

ጠፍር ሲቀቡ ጅብ እንዳይበላው ቤት እንደሚያስገቡት አያውቁም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ያውቃሉ። ማሽኗን የት ላስገባት፣ አሉ፤ አጠገቧ እተኛለሁ ብለው ነበር። ሌሊት ዝናቡ ሲመጣ ግን ቤቱ ተናደ አልተናደ ለማየት ሮጡ። ጅቡም ያን ጊዜ መጣ።

ደሜ ፈላ። እዚያው በአገር ሰው ፊት፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑትን ሰው ጮኼ ተናገርኳቸው። ይህ ጎማ እንጂ ቆዳ አይደለም፤ ለጎማ ቅቤና መርዝ አንድ ነው፤ ቤትዎን በገዛ እጅዎ ለጅብ ሰጡት አልኳቸው። ጎንበስ ብለው የተበጠሰውን ክር በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ። ኦፕሬተሩ በዚያ ሁሉ ሳምንት በከንቱ ስለወቀስኩት ሊተርበኝ ይችል ነበር፤ የሽማግሌውን ፊት አይቶ ተወው።

ኔትወርክ ያለው ጉብታው ላይ ነው። ወጣሁና ለአለቃችን ደወልኩ። ሌላ ቼይን አለ ወይ ስለው አዲስ አበባ ነው፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅም አይታወቅም አለ። ማሽኗን እንዳትነኳት፣ ነገ ሎቤድ መኪና መጥቶ ይጭናታል፣ ብትገለበጥ ከእናንተ ራስ ነው ብሎ ዘጋብኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ጮቄ ተራራ አየሁ። ሰማዩ ጠቁሯል። ቁልቁል ደግሞ ቦይው ይታየኛል፤ ረጅም፣ ንጹሕ፣ አፉን የሽማግሌው ቆርቆሮ ቤት ላይ የከፈተ። ያን ቦይ የሠራነው እኛ ነን። ነገ ማሽኗን ጭነን ብንሄድ፣ ዛሬ ማታ ዝናቡ ቢመጣ፣ ሽማግሌው ያለ እኛ ሁለትና ሦስት ክረምት ሊኖሩበት ይችሉ የነበረውን ቤት በአንድ ቀን እናሳጣቸዋለን። ፈራሁ። ከአለቃዬ ይልቅ የፈራሁት ያን ቦይ ነው።

ወርጄ ለኦፕሬተሩ ቼይኑን እናዞረዋለን አልኩት። የተበላው ጠርዝ ውጪ እንደሆነ ድንጋይ እየነከሰው አንድ ርምጃ አይሄድም። ፈተን፣ ገልብጠን፣ የተበላውን ወደ ውስጥ ብናደርገው ምናልባት የዛሬን ይውልልን ይሆናል። እብድ ነሽ አለኝ። ነኝ አልኩት። ቲሸርቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለና ማሽኗን ከፍ አደረጋት።

የመንደሩ ወንዶች ተሰብስበዋል። እንጨት ይዘው ቼይኑን ደግፈው እንዲያነሱልኝ ጠየቅኳቸው። ዕለቱ ቂርቆስ ነውና የማኅበሩ አለቃ ትንሽ አሰበ፤ እንጨት መያዝ አፈር መቆፈር አይደለም አለ። ያዙልኝ።

መጀመሪያ ግራሶውን ማውጣት ነው። ግራሶው በስንት ክብደት ታምቆ የቆመ ነውና የማውጫውን ቡሎን በሩብ በሩብ ነው የሚያዞሩት፤ በአንዴ ከፈቱት ቡሎኑ እንደ ጥይት ይወጣል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ መዳፉን በስቶት አይቻለሁ። ቡሎኑ አፈር በልቶ ነክሷል። ቁልፉን ስጭነው ንቅንቅ አልል አለ፤ በመዶሻ መታሁት፤ እንቢ። እንደገና ስጭነው ጥርቅ አለና ግራሶው እየተልሞሰሞሰ መውጣት ጀመረ። ቀና ስል ሽማግሌው ለማየት ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ከቀዳዳው ትይዩ አድርገውታል። ደረታቸውን ገፍትሬ ጣልኳቸው። ወንዶቹ አጉረመረሙ፤ ሽማግሌ የገፈተረች ሴት አይተው አያውቁም። ቡሎኑ አልበረረም። ቢበርስ ኖሮ?

ቼይኑ ላላ። ዲጂኖ ከሥሩ አስገብቼ ስገፋው፣ ኦፕሬተሩ ከላይ ቀስ እያለ ሲያዞር፣ ወንዶቹ በእንጨታቸው ሲያነሱ፣ ተጎትቶ ወጣ። ገልብጠን መለስነው። ጥርሱ ከጥርስ አልገጥም ብሎ ወገባችንን ቆረጠን። በመጨረሻ ሲገጥም ግራሶውን ሰጠሁት፤ ጣቶቼን አስገብቼ ለካሁ፤ ደህና ነው። ፀሐይ ከነበረበት ላይ ደመና ቆሟል።

ከዚያ ቁፋሮው ተጀመረ። ኦፕሬተሩ ይቆፍራል፣ ትንሽ ያፈገፍጋል፣ ይቆፍራል። እኔ በቁልቁለቱ በኩል ካለው ከተበላው ቼይን ጎን እሄዳለሁ፤ ዓይኔ ከክሮቹ ላይ አይነሳም፣ እጄን ዘርግቼ አቁም ቀጥል እለዋለሁ። እንዳትጠመዝዛት፣ ቀጥ አድርገህ፣ ቀስ። አንድ ክር ጠቅ ሲል እሰማለሁ። ጥቂት ሄደን ሌላ ጠቅ። ማሽኗ ብትገለበጥ እኔ ካለሁበት ነው የምትወድቀው፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ያ ሁሉ ጨዋታው ጠፍቶ የፊቱ ላብ ብቻ ይወርዳል። ሽማግሌው ከላይ በኩል አብረውን ይሄዳሉ። ራቁ አልኳቸው፤ ራቅ ብለው ተመልሰው ይመጣሉ።

ወንዙ ይታየን ጀመር። ድንጋዮቹ ሊነኩ ትንሽ ቀራቸው፤ የአንድ በረት ርዝመት ያህል አፈር ብቻ ነው የቀረው። ያን ጊዜ ክሮቹ በአንድ ላይ ሄዱ። ቼይኑ ተተረተረና ከመሽከርከሪያው ላይ ተንሸራቶ ወጣ፤ ማሽኗ ወደ እኔ ዘመመች። ዘልዬ ወደቅሁ። ኦፕሬተሩ ክንዷን ወርውሮ መሬት አስያዛትና ቆመች፤ ያ ክንድ ከመሬት ቢነሳ ትገለበጣለች፣ ከእንግዲህ አትቆፍርም። ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከጮቄ በኩል ነጎድጓድ ተሰማ። ላይ፣ ተራራው ራስ ላይ፣ ዝናቡ ጀምሯል፤ እኛ ጋ ገና አልደረሰም።

ተነስቼ አካፋ አልኩ። ያን ያህል ወንድ ቆሟል፤ ሃያ ክንድ ቢነሳ የቀረውን በጥቂት ጊዜ ይጨርሰዋል። ማንም አልተነቃነቀም። ቂርቆስ ነው። መሬት መሬት ያያሉ። ጨካኞች አልነበሩም፤ አንዱ ወጣት እንባው ይወርድ ነበር። ሁሉም በቆሎውን ዘርቷል፣ ሁሉም ልጆች አሉት፣ ሁሉም የበረዶውን ነገር ከአያቱ ሰምቷል። ወጣቱ መቆም አቅቶት አንድ ርምጃ ወደ አካፋው ሲሄድ ሽማግሌው መንገዱ ላይ ቆሙበት።

«ተው ልጄ» አሉት። «ይህን በእጄ ያመጣሁት ነው። በእኔ ቤት ምክንያት አገር በረዶ አይመታም። ይሂድ ቤቱ።»

ያንን ቃል ሲሉ እኔን አላዩኝም፤ እኔ ግን ከእኔ አፍ የወጣውን ነው የሚደግሙት ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያም አካፋውን አነሳሁ። እኔን ስእለቱ አያገኘኝም። ኦፕሬተሩም ዲጂኖውን ያዘ። ቆፈርን። ሁለት ሰው፣ አንዷ እኔ፤ መሬቱ ከላይ እርጥብ ሆኖ ከሥር ድንጋይ ነው። የአንድ በረት ርዝመት! አካፋ ያልለመደ እጃችን ወዲያው ቆሰለ። ቀና ብዬ ባየሁ ቁጥር የቀረው አያልቅም፣ ተራራውም ይበልጥ ጠቁሯል። እያለቀስኩ ነበር የምቆፍረው፤ ከንዴት ይሁን ከፍርሃት አላውቅም።

በዚህ መሀል የሽማግሌው ሚስት ከቤት በኩል መጡ። እስከዚያ ቀን ጠላ ከማምጣትና ደህና ዋላችሁ ከማለት በቀር ድምፃቸውን የሰማሁ አይመስለኝም፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው። አካፋ ይዘዋል። ባላቸው እጃቸውን ዘርግተው ሊያስቆሟቸው ሞከሩ። እሳቸው ያወሩት ግን ለማኅበሩ አለቃ ነው።

«ማሽኗ ከውጭ የመጣች ናት፣ ስእለቱ አያገኛትም ብላችሁ ፈርዳችኋል» አሉ። «እኔስ ከየት መጣሁ? ከደንበጫ ወዲያ በበቅሎ ነው ያመጣችሁኝ። የተጠመቅሁት በጊዮርጊስ ነው። አያቶቻችሁ ሲሳሉ የእኔን ወገን የጠየቀ የለም።»

ሴትዮዋ ቦይው ውስጥ ወርደው ከጎኔ መቆፈር ጀመሩ። ያን የመሰለ አቆፋፈር አይቼ አላውቅም፤ ከእኔና ከኦፕሬተሩ የሁለታችንን ያህል ይዝቃሉ።

በዚያ አገር ሰው ዘመዱን አያገባም። እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ስለዚህ በየቤቱ ያለችው ሚስት ከሌላ ደብር የመጣች ናት፤ አንዷ ከአቦ፣ አንዷ ከማርያም፣ አንዷ ከአዴት በኩል ካለ ሥላሴ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ አስቦት የሚያውቅ ግን አልነበረም። ከዳር ከቆሙት ሴቶች አንዲት ወጣት፣ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ለባሏ አስታቀፈችው። ቀሚሷን ወገቧ ላይ አስራ ገባች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ አካፋ ፍለጋ የሚሮጡት በዙ። ቦይው በሴት ሞላ። ወንዶቹ ሕፃን ታቅፈው፣ ጋቢ ይዘው ዳር ቆመው ቀሩ። አንድም ሰው አልሳቀም።

ዝናቡ እኛ ጋ ሲደርስ የመጨረሻውን አፈር እየዛቅን ነበር። ጎርፉ ከዝናቡ ኋላ መጣ፤ መጀመሪያ ድምፁ፣ ከዚያ ቀዩ ውሃ ቅጠልና ድንጋይ እየገፋ። ውጡ ብሎ ኦፕሬተሩ ጮኸ። እየተጓተትን ወጣን። ውሃው በእግራችን ሥር አልፎ፣ ማሽኗን ጎኗን እየመታ፣ ወንዙ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ቁልቁል ሳይ የሽማግሌው ቤት ቆሟል፤ ጓሮው ላይ የሚወርደው የሰማዩ ዝናብ ብቻ ነው። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

የማኅበሩ አለቃ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ሴትዮዋ ቀረበ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተናገረውም በቁጣ አልነበረም፣ የቸገረው ሰው ነው የሚመስለው። ስእለቱ የማይመለከታት ሰው የደብሩ ሰው አይደለችም። የደብሩ ሰው ያልሆነ ደግሞ በቂርቆስ ቅጥር አይቀበርም። የሴትዮዋ ሁለት ልጆች እዚያ ቅጥር ውስጥ እንደተቀበሩ የማያውቅ አልነበረም።

«እንግዲህ» አላቸው፣ «ስትሞቺ የት ልንቀብርሽ ነው?»

ባላቸው ቀና ብለው ሚስታቸውን አዩ። ሴትዮዋ ፊታቸው ላይ ያለውን ጭቃ በክንዳቸው ጠረጉ።

«እሱን እናንተ ምከሩበት» አሉት። «እኔ እስከዚያ የምኖርበት አለኝ።»

አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ በዝናቡ ውስጥ፣ ቁልቁል ወደ ቤታቸው ወረዱ።